ሰባት ቤት፣ አንድ ሽቦ

ከፕለም ፎርክ በስተምዕራብ፣ በቆሎው መሀል፣ ሰባት ቤቶች አንድ የስልክ ሽቦ ይጋሩ ነበር። ለአንዱ ሲደወል በሰባቱም ይጮኻል። ለሊዮታ ሃስኪንስ ሁለት ረጅም አንድ አጭር ደወል ነው፤ ለእህቷ ለኦፓል ሦስት አጭር። የራስህ ደወል ካልሆነ አታነሳም፤ ሕጉ ይህ ነው። ሁሉም ያነሳል፤ ልማዱ ደግሞ ይህ ነው። ሰባተኛው ቤት የሽማግሌው የባርትስ ነው። የባርትስ ጆሮ መስማት ካቆመ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እሱም ያነሳል።

የሰማኸውን ግን ሰማሁ አትልም። የጎረቤትህ ላም መሞቷን በስልክ የሰማህ እንደሆነ፣ በማግስቱ መንገድ ላይ ስታገኘው “ላሞቹ እንዴት ናቸው?” ትለዋለህ። እሱ እንደ አዲስ ይነግርሃል፤ አንተም እንደ አዲስ ትደነግጣለህ። ሰዉ በዚህ ተከባብሮ ይኖር ነበር።

ሊዮታ ደራሲ ናት። አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ባል አላገባችም። አጫጭር ልብ ወለዶቿ ኒው ዮርክ በሚታተም ትልቅ መጽሔት ይወጣሉ። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ወጣቶች እንደ እሷ ለመጻፍ ብለው ዓረፍተ ነገራቸውን ያሳጥራሉ። አንድ ፕሮፌሰር የአጻጻፏ ቁጥብነት ከየት እንደመጣ ሁለት ዓመት መርምሮ፣ ከአያቶቿ ጸሎት ነው ብሎ ጽፏል።

የመጣው ከጎረቤቷ ከአልማ ክሮገር ነበር።

ሊዮታ የጻፈችውን ሁሉ መጀመሪያ ለኦፓል በስልክ ታነብላታለች። “ኦፓል፣ ወረቀቱን ይዣለሁ” ስትል፣ በየቤቱ እጅ በሽርጥ ይጠረግና ስልክ ይነሳል። ሽቦው ደካማ ነው። ጆሮ በበዛበት ቁጥር ድምፁ እየሰለለ ይሄዳል። ታሪኩ ሲሰለች ደግሞ አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ቀድማ የምትዘጋው አልማ ናት፤ ትዕግሥት አልፈጠረባትም። ሊዮታ “ቀጭ” ሲል ስትሰማ እዚያው ላይ በእርሳስ ትሰርዛለች። ሠላሳ ዓመት የሠራችው እንዲህ ነው። ኦፓል “ምን አልሽ? አልተሰማሽም፣ ጮክ በይ” ካለች ታሪኩ ጥሩ ነው። “ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማል” ካለች ወረቀቱ ወደ ምድጃ ይገባል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ሲሰማ ቆየ።

በ1936 ነሐሴ መጨረሻ የመጽሔቱ አዘጋጅ ደብዳቤ ጻፈላት። እስከ ቅዳሜ ፖስታ ድረስ ቦታ ይዞላታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሌላ ይሰጠዋል። ሊዮታ ደብዳቤውን አጣጥፋ ለራሷ ማለች። ይህም ካልሆነ በቃ፤ ከእንግዲህ አትጽፍም። መሐላው እንዳይላላ ወደ ፓስተር ኤልበርት ሄደችና “ዓርብ ጠዋት ይምጡ። የጽሕፈት መኪናዬ ላያስፈልገኝ ይችላል፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ባዛር ይሸጡታል” አለችው። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም። ፓስተሩም አልጠየቀም፤ መኪናው ግን ዓይኑ ላይ ቀረ።

እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ለኦፓል የአዲሱን ታሪክ ነገር በጆሮዋ ነገረቻት። አንዲት ብቸኛ ሴት ናት፤ ለማንም ሳትናገር ከመንደሯ ትሄዳለች። ሴትየዋ ራሷ ናት የምትተርከው፤ “እኔ” እያለች። ሊዮታ እንዲህ ጽፋ አታውቅም። ወረቀት ላይ ማስፈሩንም ፈራች፤ የተጻፈ ነገር ሲሞት ሬሳው ይታያል። ስለዚህ ሰኞ ከቀትር በኋላ የስልኩን እጀታ ሦስት አጭር አዞረችና፣ ወረቀት ሳትይዝ፣ ከአፏ ጀመረች።

“ኦፓል፣ ሐሙስ በጠዋቱ ባቡር እሄዳለሁ” አለች። “ለማንም አልተናገርኩም። ዶሮዎቼን ሸጥኩ። የመብረቅ መከላከያ የሚሸጠው ሰውዬ ጣቢያው ላይ ይጠብቀኛል። መልኩ አያምርም፤ ጥርሱ ግን ደኅና ነው።”

“ምን አልሽ?” አለች ኦፓል።

“ጥርሱ ደኅና ነው።”

“አልተሰማሽም። ጮክ በይ።”

ሊዮታ ወንበሩን በእግሯ ስባ ተቀመጠች። በሽቦው ውስጥ የሰው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ አንድም የሚዘጋ የለም። ሁልጊዜ በሽቦው የምትሰማው የአልማ ካናሪ ወፍ እንኳ ዝም ብላለች። ሊዮታ ሴትየዋን ከቤቷ አስወጣች፣ በሩን አስቆለፈች፣ እስከ ጣቢያው መንገድ ድረስ አደረሰቻትና ቆመች። ከዚያ ወዲያ አታውቅም።

“ቀሪውን ረቡዕ እነግርሻለሁ” አለችና ዘጋች። ከዚያ ወጥ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረችው። በአምሳ ስምንት ዓመቷ፣ ብቻዋን፣ ማንኪያ ይዛ ጨፈረች።

ማክሰኞ በጠዋት አልማ ክሮገር በፖም የተሞላ ፓይ ጋግራ ይዛ መጣች።

“እንዲያው በዚህ ሳልፍ” አለች። ቤቷ በዚያ አያሳልፍም። “ፓይ ተርፎኝ ነው።”

ፓዩ ቢላ አልነካውም።

“ይሄ ነው የተረፈው?” አለች ሊዮታ።

“ጋስ የፖም ፓይ አይወድም።”

“ባልሽ? ከመቼ ወዲህ?”

“ከዛሬ ጠዋት።” አልማ ግድግዳውን፣ መጋረጃውን፣ ምድጃውን አየች። “እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ጥርሱ ደኅና የሆነ ወንድ አይታመንም ትል ነበር።”

“ለምን?”

“እኔ ምን አውቃለሁ። እናቴ ናት ያለችው።” አልማ ሊዮታን ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻትና አፍንጫዋን እየጠረገች ወጣች። በሠላሳ ዓመት ጉርብትና አቅፋት አታውቅም።

ሊዮታ ፓዩን ወደ ሳሕን ገልብጣ የመጋገሪያውን ሥር አየች። ምንም የለውም። በፕለም ፎርክ አንዲት ሴት ስሟን ፕላስተር ላይ ጽፋ ሥሩ ሳትለጥፍ፣ ለቀብር እንኳ ዕቃ ከቤቷ አታወጣም። ስም የሌለው ዕቃ የሚሰጠው ለሚሄድ ሰው ብቻ ነው፤ የሄደ ሰው ዕቃ ሊመልስ አይመጣምና። ሊዮታ ግን ፕላስተሩ ተላቆ ይሆናል አለች።

ቀጥለው የዲንከል ወንድማማቾች መጡ። ሁለቱም ላጤ ናቸው፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ያወራሉ። የድንች ሰላጣ በጎድጓዳ ሳሕን ይዘዋል። “ሩቅ መንገድ ላይ ድንች ሆድ ይይዛል” አለ ትልቁ። ታናሹ በክርኑ ጎሸመው። “ማለቱ፣ ቅርብ መንገድም ላይ።” የሳሕኑ ሥር ባዶ ነው።

ከዚያ ፓስተር ኤልበርት መጣ። ኪስ የምትገባ ትንሽ ወንጌል ሰጣት።

“ትልቁ አለኝ እኮ፣ ፓስተር።”

“ትልቁ ለጉዞ ይከብዳል፣ እኅት ሊዮታ። ማለቴ… ከክፍል ወደ ክፍል ስትዘዋወሪ።” ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ። “ያ የጽሕፈት መኪና ነገር አሁን ገባኝ።”

“ምኑ ገባዎት?”

“ምንም አልገባኝም” አለና ወጣ።

ሊዮታ በሩን ዘግታ ቆመች። ጠረጴዛው ላይ ስም የሌለው የፓይ መጋገሪያ፣ ስም የሌለው ሳሕንና የጉዞ ወንጌል ተደርድረዋል። ባለፈው ሐምሌ አንድ የመብረቅ መከላከያ ሻጭ በረንዳዋ ላይ ተቀምጦ ሁለት ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ መጠጣቱን አስታወሰች። ሰኞ “ወረቀቱን ይዣለሁ” አለማለቷንም አስታወሰች። ሽርጧን አፏ ላይ ጠቀጠቀች። ሳቁ ግን በጎን በጎኑ አመለጣት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

አሥር ሰዓት ላይ ቱሬ ሊንድ መጣ። ቱሬ ከማሳው ማዶ ያለ ገበሬ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። በሳምንት የሚናገረውን በአንድ እጅ ጣት መቁጠር ይቻላል። ምንም ሳይል ወደ ውኃ ፓምፑ ሄዶ ይፈታው ጀመር። ፓምፑ ጤነኛ ነበር።

“ዝናብ የለም” አለ።

“የለም” አለች ሊዮታ።

“በቆሎው ግን ደኅና ነው።”

“ደኅና ነው።”

ፓምፑን ቅባት ቀባው፤ ገጠመው። “የባቡር ወንበር ይቆረቁራል ይላሉ” አለ፣ ዞር ሳይል።

“የቱ ባቡር?”

“ባቡር ሁሉ።”

“አንተ ተሳፍረህ ታውቃለህ?”

“አንዴ። ቆረቆረኝ።”

ወደ ዶሮዎቹ አጥር ሄዶ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ በማሳው አቋርጦ ሄደ።

ከራት በፊት ኦፓል መጣች። ሁለቱ እህትማማቾች ከአልማ ፓይ እየቆረሱ ተሳሳቁ፤ ሳያስቡት ጨረሱት።

“አሁን ይበቃል፣ ንገሪያቸው” አለች ኦፓል።

“ብነግራቸው ነገ ማን ያነሳል? ሁለት ዓመት እኮ ነው እንዲህ ያልሰሙኝ። መጨረሻው ገና አልመጣልኝም፤ የቀረኝ እስከ ቅዳሜ ነው። ነገ ትንፋሻቸውን ካልሰማሁ አላገኘውም።”

“ቱሬ ታሞልሻል።”

“ምን ነካው?”

“ምን ነካው ትለኛለች እንዴ።” ኦፓል ጣቷን ላሰች። “እኔ እህትሽ ነኝ፣ የመጽሔቱ አዘጋጅ አይደለሁም። አትዋሺኝ።”

ሊዮታ የፓዩን ፍርፋሪ ሰበሰበች። ጆሮዋ ግን ቀላ።

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስት አጭር አዞረች። ኦፓል “ሃሎ” ስትል ከጉድጓድ ውስጥ የምትናገር መሰለች። ሰባቱም ቤት አንስቷል። ሊዮታ ጀመረች። ሴትየዋ ጣቢያው ደረሰች። ኮፍያዋን አስተካከለች። ሰውዬው ሻንጣዋን ተቀበላት። ባቡሩ መጣ፣ ጮኸ፣ ቆመ።

“እግሬን አነሳሁ” አለች ሊዮታ፣ ቆመችም።

ተሳፈረች ልትል አሰበች። አልተሳፈረችም ልትልም አሰበች። ሁለቱም ምላሷ ላይ ነበሩ፤ የትኛው እውነት እንደሆነ አላወቀችም።

“ሊዮታ፣ አትሂጂ” አለ ቱሬ ሊንድ።

ስልኩ ከተተከለ ጀምሮ፣ በራሱ ደወል ሳይሆን ተናግሮ የሚያውቅ ሰው የለም።

“ቱሬ?” አለች አልማ። “አንተ ትሰማለህ እንዴ?”

“አንቺስ?”

“እኔ ወፏን ላሰማት ብዬ ነው ያነሳሁት።”

“ወገኖቼ፣ ይህ ነገር ነውር ነው” አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

“ፓስተር፣ እርስዎም አሉ?” አለች አልማ።

“አሁን ገና ነው ያነሳሁት።”

“ታዲያ ወንጌሉን ትናንት ምን ብለው ሰጧት?” አለ ትልቁ ዲንከል። ታናሹ ከኋላ “አንተስ ድንቹን ምን ብለህ ሰጠሃት?” አለው።

“ያ ሰውዬ ሌባ ነው” አለ ጋስ፣ የአልማ ባል፣ ከሚስቱ እጅ ስልኩን ነጥቆ። “ሦስት መከላከያ ሸጦልን ከዚያ ወዲህ ጎተራውን መብረቅ ሁለት ጊዜ መታው። ሊዮታ፣ እንዲህ ያለ ሰው ተከትለሽ አትሂጂ።”

“ትሂድ” አለች አልማ ስልኩን መልሳ። “ሠላሳ ዓመት ብቻዋን ተቀምጣለች። ማን አትሂጂ አላት?”

“እኔ አልኳት” አለ ቱሬ። “አሁን።”

“አሥራ አንድ ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?”

“ሳዳምጥ።”

በመሀል ሽማግሌው ባርትስ፣ ምንም ሳይሰማ፣ “ሃሎ፣ ሰው አለ?” አለ።

ሊዮታ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር። ፊቷ በላብ ተነክሯል፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አታውቅም። “ስሙኝ” አለች። “የትም አልሄድም። ታሪክ ነው። ሴትየዋ እኔ አይደለሁም፤ ከጭንቅላቴ ነው ያወጣኋት። ማክሰኞ ገብቶኝ ነበር። ዝም አልኩ። አጥፍቻለሁ።”

የአልማ ካናሪ መዘመር ጀመረች።

“ፓዬን መልሺ” አለች አልማ።

“አለቀ።”

“ሙሉው?”

“ኦፓል አግዛኛለች።”

“እኔን ምን አስገባኝ” አለች ኦፓል።

“አልቅሼልሻለሁ እኮ” አለች አልማ። “ጋስን በባዶ ሆዱ አሳድሬዋለሁ። ይወዳል ፖም፣ ነፍሱን ነው የሚወደው።” ቀጭ። ከዚያ ፓስተሩ፣ ቀጭ። የዲንከል ወንድማማቾች፣ ቀጭ። በእያንዳንዱ ቀጭታ ሽቦው እየጠራ ሄደ።

“ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማል” አለች ኦፓል በቀስታ።

“ሰምተሽኛል እንግዲህ” አለ ቱሬ። አልዘጋም ነበር።

“ሰምቼሃለሁ” አለች ሊዮታ።

“ሌላውም ሰምቷል።”

“ሰምቷል።”

“እኔም አለሁ” አለች ኦፓል። “እንዳትረሱኝ ብዬ ነው። ልዝጋ።”

ከሩብ ሰዓት በኋላ ቱሬ በአኩሪ አተሩ ማሳ መሀል ሲመጣ ሊዮታ በመስኮት አየችው። የቀብር ልብሱን ለብሷል፤ ጥቁሩን፣ ከክራቫቱ ጋር። ሙቀቱ በቆሎን ፈንዲሻ ያደርጋል።

“ምን ሆነህ ነው የለበስከው?” አለችው በሩን ከፍታ።

“ነገ ጣቢያ ልሄድ ነበር። ልለምነሽ።”

“ታዲያ ዛሬ?”

“ልለማመደው ብዬ። ሁለት ዓመት አልለበስኩትም።”

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሱም ትንሽ ፈገግ አለ፤ ጥርሶቹ ደኅና አልነበሩም። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠና ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

“ሴትየዋ ግን ትሂድ” አለ።

“የቷ?”

“የታሪኩ ሴት።”

“አትሂጂ ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?”

“ለአንቺ ነው ያልኩት። እሷማ ዶሮዎቿን ሸጣለች። ዶሮዋን የሸጠች ሴት ቆርጣለች፤ ከባቡሩ አፍ ብትመልሻት ውሸት ይሆናል። አንቺ አልሸጥሽም። ማክሰኞ ቆጥሬያቸዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ናቸው።”

“እንደማልሄድ አውቀህ ነበር ማለት ነው?”

“አውቄ ነበር። ፈርቼም ነበር።”

“ሁለቱንም ባንድ ላይ?”

“ባንድ ላይ።”

ሊዮታ በሁለቱ ዓመት ውስጥ የጻፈቻቸውን ሴቶች አሰበች። ሁሉም ከመንገድ ተመልሰዋል። አንዷ ከድልድይ፣ አንዷ ከበር፣ አንዷ ከሠርጓ ዋዜማ። እንዲመለሱ ያደረገችው አልማ እንዳትዘጋ ብላ ነበር፤ አልማ ግን ዘጋች። ለካ የሰለቻት መመለሳቸው ነው።

“ድንች መላጥ ትችላለህ?” አለችው።

“እችላለሁ።”

“ኮትህን አውልቅና ላጥ። አትናገር።”

“ይሄማ ቀላል ነው” አለ ቱሬ።

የጽሕፈት መኪናው ውስጥ ወረቀት አስገባች። ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች። አንድ ገጽ ስትጨርስ፣ ራሷን ሳታነሳ፣ “እኔ የትም አልሄድም” አለች። “እሺ” አለ እሱ፣ የድንቹን ዓይን እየነቀለ። ሐሙስም ቱሬ መጣ። በቤቷ ያለው ድንች ሁሉ ተልጦ አለቀ፤ ካሮት ጀመረ።

ዓርብ ጠዋት በረንዳው ሞላ። ፓስተር ኤልበርት ለጽሕፈት መኪናው የእጅ ጋሪ ይዞ መጥቷል። አልማ ለመጋገሪያዋ መጥታለች፤ አሁን ስሟን የምትለጥፍበትን ፕላስተር ኪሷ ይዛለች። ኦፓል ምክንያት አላቀረበችም። ቱሬ ጥግ ላይ ካሮቱን ይዞ ተቀምጧል። ማንም ስለ ታሪኩ አልጠየቀም። ከውስጥ መኪናው ሲንጣጣ ግን ማንም አልተነሳም።

መኪናው ዝም አለ። ሊዮታ ወረቀቷን ይዛ ወጣች፤ ፀጉሯ ተንጨባርሯል፣ ጣቷ ጠቁሯል። ሠላሳ ዓመት ስታነብ የአድማጭ ፊት አይታ አታውቅም። በስልክ ሲሆን ሰው የሰለቸው እንደሆነ ይዘጋል፤ እዚህ ግን ዓይን ለዓይን ነው። ቱሬን አንዴ አየችውና አነበበች።

አልማ ሁለተኛው ገጽ ላይ ለመሄድ ተነሳች። ሦስተኛው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ሴትየዋ እግሯን አነሳች፤ ተሳፈረች። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ወንበሩ ቆረቆራት። ባቡሩ ሄደ። ታሪኩ እዚያ ላይ አለቀ።

ፓስተሩ ተነፈሰ። “ታዲያ መኪናው?” አለ።

“አይሸጥም፣ ፓስተር። ለፍተው መጡ፣ ይቅርታ።”

“ሄደች ማለት ነው?” አለች አልማ።

“ሄደች።”

“ልክ አይደለም።”

“ምኑ?”

“እሱን አላውቅም። ልክ አይደለም ብቻ።” አልማ መጋገሪያውን ጉልበቷ ላይ እያገላበጠች አሰበች። “ዶሮዎቹን ለማን ሸጠቻቸው? ለማንም ሳትናገር ሄደች አልሽ። ዶሮ የገዛ ሰው ካለ እኮ አንድ ሰው ያውቃል።”

ሊዮታ ወረቀቱን ገለበጠች። አላሰበችበትም። ኒው ዮርክ ያለው አዘጋጅም፣ ፕሮፌሰሩም፣ ኦፓልም አያስቡበትም ነበር። አልማ ብቻ።

“ለእኔ ሸጠቻቸው በይ” አለ ቱሬ ከካሮቱ ጀርባ።

“ገዝተህ ዝም ትላለህ?” አለች አልማ።

“እላለሁ።”

“ይሄ እንኳ ይመስላል” አለች አልማ። ኦፓል ሳቋን ለመደበቅ ወደ ማሳው ዞረች።

ሊዮታ ወደ ውስጥ ሮጠች። የፖስታው ባቡር ነገ ነው። መኪናው እንደገና መንጣጣት ጀመረ፣ መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ከዚያ በጥድፊያ። ፓስተር ኤልበርት ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ ኮፍያውን አጥልቆ ባዶውን ጋሪ እየገፋ ወጣ።